ሦስት ቀን በሮማ

ከወለንጪቲ ተነሥተን ሮማን ለማየት ስንሄድ አምስት ነበርን፤ እኔ፥ ባለቤቴ፥ ሁለቱ ልጆቻችንና እናቴ። ጊዜያችን ሦስት ቀን ብቻ ስለ ነበር ልጆቹ «ኮሎሴዎን ይቅደም» አሉ። እናቴ ግን «መጀመሪያ የአክሱም ሐውልት ቆሞበት የነበረውን ስፍራ አሳዩኝ» ብለው ቈረጡ። የአባታቸው ታላቅ ወንድም በ1928 ዓ.ም. ማይጨው ዘምተው አልተመለሱም።

ከባቡር ጣቢያው ፊት ያለው ሰፊ አደባባይ «የአምስት መቶዎቹ» ይባላል። እነማን ናቸው ቢሉ፥ በ1879 ዓ.ም. ዶጋሊ ላይ ራስ አሉላ የደመሰሱት ጦር ነው። ይህን ለልጄ ብነግረው «ታዲያ ለምን በራስ አሉላ ስም አልጠሩትም?» ብሎ አሳቀን።

ከዚያ በምድር ውስጥ ባቡር ወደ ፖርታ ካፔና ወረድን። የሐምሌዋ ፀሐይ ከወለንጪቲ ትብሳለች! 24 ሜትር የሚረዝመው ሐውልት በ1930 ዓ.ም. የተተከለው፥ ዛሬ የተባበሩት መንግሥታት የምግብና የእርሻ ድርጅት ከሚሠራበት ሕንፃ ፊት ነበር። በ1997 ዓ.ም. በሦስት ተከፍሎ በአውሮፕላን አገሩ ገባ፤ በ2000 ዓ.ም. አክሱም ላይ ቆመ። ስለዚህ እኛ የደረስነው ሐውልት ወደሌለበት ነው፤ መንገድና የሚጣደፍ ኦቶሞቢል ብቻ። ልጆቹ አኰረፉ። እኔም፥ እውነቱን ለመናገር፥ በከንቱ መጣን ብዬ ነበር።

እናቴ ነጠላቸውን አስተካክለው ብዙ ጊዜ ቆሙ። «ባዶ መሆኑን በዓይኔ አየሁ፤ በሉ አሁን ወደ ፈለጋችሁት ውሰዱኝ» አሉ።

ኮሎሴዎን በእግር ሩቅ አልነበረም። ልጆቹ ሲሯሯጡ እርሳቸው ጥላ ሥር ተቀምጠው፥ ከቤት ያመጡትን ዳቦ ቆሎ ያድሉን ጀመር።