የዓባይ አፍ ከሰማይ ሲታይ

ዓባይ ከሀገራችን ደጋ ጠርጎ ያወረደውን አፈር በሜዲትራንያን ባሕር ዳር ያሳረፈበትን ምድር ዞሮ ለማየት የታደለ ሰው ጥቂት ነው። ነገር ግን ላንድሳት የተባሉት ሳተላይቶች ከ1972 ጀምሮ (ዘመኑ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው) ያነሡትን ፎቶግራፍ ከ2008 ወዲህ ማንም ሰው ያለ ዋጋ ሊመለከት ይችላልና፣ አንባቢ ሆይ፣ በዚሁ መንገድ እንሂድ።

ወንዙ ካይሮን ካለፈ በኋላ ለሁለት ተከፍሎ በምሥራቅ በዳሚዬታ፣ በምዕራብ በረሺድ ወደ ባሕር ይገባል። በባሕሩ ዳር ኢድኩ፣ ቡሩሉስና መንዘላ የተባሉ ጥልቀት የሌላቸው ሐይቆች ተኝተዋል፤ ከባሕሩ የሚለያቸውም ቀጭን የአሸዋ መሬት ነው። ዓሣ አጥማጆች የሚተዳደሩት፣ ከአውሮፓ የሚመጡ ወፎችም የሚከርሙት በእነዚህ ረግረጎች ነው።

አስቀድሞ ዓይንን የሚስበው ረሺድ ነው። በቀድሞው ፎቶግራፍ ምድሩ እንደ ጦር ጫፍ ሾሎ ወደ ባሕር ገብቷል፤ በኋለኛው ግን ጫፉ ተቆርጦ ይታያል። በ1970ዎቹና በ1980ዎቹ ባሕሩ በዚያ ስፍራ በየዓመቱ እስከ 100 ሜትር ገደማ ይበላ ነበር። የአስዋን ትልቁ ግድብ ከ1964 ጀምሮ ጎርፉን ስለ ያዘ አፈሩ ከግድቡ ሐይቅ ይቀራል፤ ባሕሩ የወሰደውን የሚተካም የለም። የዚያ አፈር አብዛኛው የኛው ነበር፤ ገበሬያችን ያጣውን እነርሱም አላገኙትም ማለት ነው። በ1990 ገደማ የባሕር መከላከያ ግንብ ተሠርቶ የፊት ለፊቱ መበላት ቢቆምም፣ ከግንቡ ጎን ያለው ዳርቻ መበላቱን ቀጠለ።

የመንዘላ ነገር ሌላ ነው። ውሃ ዓይናችን የማያየውን የኢንፍራሬድ ብርሃን ስለሚውጥ በፎቶግራፉ ጥቁር ይሆናል፤ ለምለም ተክል ግን ብርሃኑን ስለሚመልስ ደምቆ ይወጣል። በዚህ ምልክት ሲለካ፣ በ1900 ገደማ ከተሣለው ካርታ ጋር ሲነጻጸር፣ የመንዘላ ስፋት ከግማሽ በታች ወርዷል፤ ዳርቻው ለእርሻና ለዓሣ ማርቢያ ኩሬ ተወስዷልና። በቀረውም ላይ ከከተማና ከእርሻ የሚወርደው ቆሻሻ ውሃ ያፋፋው ሸምበቆና እንቦጭ ተንሰራፍቷል። ይህን ድምቀት ያየ ሰው ረግረጉ ለመለመ ብሎ ይደሰት ይሆናል፤ ጀልባ የሚቀዝፈው ሰው ግን መንገዱ መዘጋቱን ያውቃል። ስለዚህ ፎቶግራፉን የሚመረምሩት ሊቃውንት በጀልባ ገብተው ተክሉንና ውሃውን ያያሉ፤ የክረምቱን ሥዕል ከበጋው እንዳያምታቱም የአንድን ወር ሥዕል ከዚያው ወር ጋር ያስተያያሉ። የላንድሳት አንዲት ነጥብ 30 ሜትር በ30 ሜትር ስለምትይዝ ጠባብ የጀልባ መተላለፊያ አይታይባትም፤ ከ2015 ወዲህ ሴንቲኔል የተባለው ሳተላይት እስከ 10 ሜትር አውርዶታል።

ከ2017 ጀምሮ የግብፅ መንግሥት መንዘላን በመቆፈሪያ መርከቦች እያስጠረገ ሸምበቆውን አስነቅሏል።