ጎጆ መውጣት

በአማርኛ አንድ ጐልማሳ ከአባቱ ቤት ተለይቶ ራሱን ችሎ መኖር በጀመረ ጊዜ «ጎጆ ወጣ» ይባላል። ቃሉ አጭር ነው፤ ነገር ግን በውስጡ የብዙ ሰው ድካም አለበት። በደጋው አገር ልማድ ልጅ ጎጆ የሚወጣው በሰው ፊት ነው። አባት ከመሬቱ ከፍሎ ይሰጠዋል፤ ቢቻለው በሬ፥ ባይቻለው ወይፈን ይጨምርለታል፤ ጎረቤትም በደቦ ተጠርቶ እንጨት ይቈርጣል፥ ምሰሶ ያቆማል፥ ሣር ይከድናል። ጎጆው ባለቀ ጊዜ አዲሱ አባወራ ብቻውን የሠራው አንድ ግድግዳ እንኳ አይገኝበትም። ሆኖም ቤቱ የእርሱ ነው፤ ራሱን ችሏልም ይባላል። ራስን መቻል ማለት ከሰው መለየት እንዳልሆነ የቀድሞ ሰዎች በዚህ ያውቁት ነበር።

ዛሬ በዩኒቨርሲቲ የተማረ ጐልማሳ ጎጆ የሚወጣበት መንገድ ሌላ ነው። ጥቁር ካባ ለብሶ፥ ቆብ ደፍቶ ይመረቃል፤ እናት እልል ትላለች፥ ፎቶግራፍ ይነሣል። ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ ዲግሪውን ለማግኘት አገር አቀፉን የመውጫ ፈተና ማለፍ ግድ ሆኖበታል። ከዚህ ሁሉ በኋላ የመኝታ ክፍሉን ቁልፍ አስረክቦ፥ ሻንጣውን ተሸክሞ ከትልቁ በር ይወጣል። በእጁ ያለው አንድ ወረቀት ነው፤ በስሙ የተመዘገበ የወጪ መጋራት ዕዳም አለበት። ከበሩ ውጭ ግን ደቦ የሚጠራለት የለም። ስለዚህ ምሰሶውን ብቻውን ሊያቆም ይታገላል፤ ባይሆንለትም የጐደለውን ለሰው መናገር ውርደት ይመስለዋል። ይህ አሳብ ምን ያህል እንደሚጐዳ፥ ከጥቂት ዓመታት በፊት በድሬዳዋ በአንድ ጐልማሳ ላይ የደረሰው ነገር ያስረዳል።

ይህ ጐልማሳ የመንዝ ተወላጅ ነው። አባቱ ገብስ አራሽና በግ አርቢ ናቸው። ልጁ የዐሥራ ሁለተኛ ክፍልን ፈተና ባለፈ ጊዜ በመንግሥት ድልድል የደረሰው፥ በ1999 ዓ.ም. የተቋቋመው የድሬዳዋ ዩኒቨርሲቲ ሆነ። እናቱም የሚሄድበት አገር ቆላ መሆኑን ሳይጠይቁ፥ «ብርድ እንዳይመታህ» ብለው በገዛ እጃቸው ከፈተሉት የበግ ጠጕር የተሠራ ባና አሸከሙት። የመንዝ ደጋ ከባሕር ወለል ከ3000 ሜትር በላይ ከፍ ያለ የውርጭ አገር ነው፤ ድሬዳዋ ግን በ1200 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ የተቀመጠች፥ በግንቦትና በሰኔ ሌሊቱ እንኳ የሚሞቅባት ከተማ ናት። ስለዚህ ባናው በትምህርቱ ዘመን ሁሉ ታጥፎ በአልጋ ሥር ኖረ። ጐልማሳው የሒሳብ አያያዝ ትምህርቱን ፈጽሞ በተመረቀ ጊዜም ወደ መንዝ አልተመለሰም፤ «ከዚህ ሥራ አገኛለሁ» ብሎ በዚያው ቀረ።

ለመቅረቱ ምክንያት ነበረው። ድሬዳዋ ከተቈረቈረች ጀምሮ ሠርቶ አዳሪ የሚሰበሰብባት ከተማ ናት። ከጅቡቲ የተነሣው ሐዲድ የሐረርን ተራራ መውጣት ስለ ከበደው በ1895 ዓ.ም. በዚህ ሜዳ ላይ ደረሰ፤ ከተማይቱም በጣቢያው ዙሪያ ተመሠረተች። የባቡሩ ኩባንያ ከዚራን በቀጥተኛ መንገድና በጥላ ዛፍ አሳመራት፤ ከደቻቱ ወንዝ ማዶ ደግሞ መጋላ በገበያተኛው እየሰፋች ሄደች። ሐዲዱ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ከገባ በኋላም ዋናው የባቡር ጥገና ሥራ በድሬዳዋ ቆየ። ስለዚህ የአካባቢው ተወላጅ ኦሮሞና ሶማሌ፥ ከሐረር የወረደው ሐረሪ፥ ከደጋ የመጣው አማራና ጉራጌ፥ ከባሕር ማዶ የተሻገረው ዐረብ፥ ግሪክና አርመን በአንድ ገበያ እየተገናኙ ኖሩባት። ዛሬ የአገሩ ልጅ ነኝ ከሚለው ብዙው፥ አያቱ አንድ ቀን ጓዙን ይዞ ከባቡር የወረደ እንግዳ ነበረ።

ጐልማሳው ከደቻቱ ብዙ በማይርቅ ግቢ አንድ ክፍል ተከራየ። የግቢው እመቤት፥ ባለቤታቸው በምድር ባቡር ወርክሾፕ ሲሠሩ ኖረው ያረፉባቸው ባልቴት ነበሩ። ቁልፉን በተቀበለ ቀን ደስታው ታላቅ ስለ ነበረ በሩን ያለ ምክንያት ሦስት ጊዜ ከፍቶ ዘጋው። ከዚያ በኋላ ግን ሥራ የማግኘቱ ነገር አስቸጋሪ ሆነ። በየማስታወቂያ ሰሌዳው የሚለጠፈው ወረቀት የሥራ ልምድ ይጠይቃል፤ የሥራ ልምድ ለማግኘት ደግሞ ሥራ ያሻል። አንዱ መሥሪያ ቤት በሳምንቱ ተመለስ ሲለው፥ ሌላው ስሙን መዝግቦ ዝም ይለዋል።

አባቱ በየሳምንቱ ስልክ እየደወሉ «እንዴት ሆንህ?» ይሉት ነበር። በሁለተኛው ወር ከኀፍረት የተነሣ «ሥራ ይዣለሁ፤ ከእንግዲህ ገንዘብ አይላኩልኝ» አላቸው። ሐሰቱ ለክፋት የታሰበ አልነበረም፤ አባቱን ከሸክም ለማሳረፍ ነበረ። ዳሩ ግን ሐሰት ሌላ ሐሰት ትወልዳለችና፥ ከዚያ ቀን ጀምሮ ደመወዝተኛ መምሰል ግድ ሆነበት። በየጧቱ ሸሚዙን ተኵሶ፥ ደብተሩን በብብቱ ይዞ ይወጣል፤ ፀሐይ ስትከር ከአሮጌው ባቡር ጣቢያ አጠገብ በዛፍ ጥላ ሥር ይቀመጣል፤ ማታ እንደ ሠራተኛ ደክሞት ይመለሳል። የሰው ልጆች በማስጠናት የሚያገኘው ጥቂት ብር ለእንጀራ እንጂ ለኪራይ አልበቃም፤ የሦስት ወር ኪራይ ተጠራቀመበት።

እንዲህ ሆኖ ሳለ አባቱ «ናፍቀኸናል፤ መጥቼ ላይህ ነው» ብለው ደወሉ። ልጁ ደነገጠና ወደ ባልቴቲቱ ሄዶ «እማማ፥ አባቴ ሲመጡ፥ ሠራተኛ ነው ብለው ይንገሩልኝ» ብሎ ለመናቸው። ባልቴቲቱ ቡና ይቈሉ ነበርና እጃቸውን ሳያቆሙ መለሱለት።

«ልጄ፥ ለአባትህ ቡና አፈላላቸዋለሁ፥ አልጋዬንም እለቅላቸዋለሁ፤ ውሸትህን ግን አላስተናግድልህም። ያ ጣቢያ ባለቤቴ ዕድሜያቸውን ሙሉ የወጡበት የገቡበት ነው። አንተ ከጥላው ሥር ስትውል የሚነግረኝ ያጣሁ ይመስልሃል? ኪራዩን ያልጠየቅሁህ አንተው እስክትነግረኝ ብዬ ነው።»

አባት ከአዲስ አበባ፥ ከለቡ ጣቢያ ተነሥተው፥ በ2009 ዓ.ም. በተመረቀው በኤሌክትሪክ ባቡር መጡ። የአዲሱ ባቡር ጣቢያ ከከተማው ወጣ ያለ ነውና ልጁ ከዚያ ሄዶ ተቀበላቸው። ጥቁር በርኖሳቸውን በክንዳቸው ይዘው፥ ላባቸውን እየጠረጉ፥ አንድ ከረጢት በሶ አንጠልጥለው ወረዱ። በመንገድም ቤቱን፥ መንገዱን፥ ዛፉን እያዩ «ልጄ በዚህ አገር ሰው ሆነ» እያሉ ደስ ይላቸው ነበር። ልጁ ይህን ቃል በሰማ ቍጥር ሆዱ ይቃጠል ነበር።

ማታ እራት ከተበላ በኋላ ነፋስ ለመቀበል በግቢው ውስጥ ተቀመጡ። ልጁም ከዚያ በላይ ሊታገሥ አልቻለምና ሥራ እንደሌለው፥ ሁሉንም በሐሰት እንደ ነገራቸው፥ ኪራይም እንዳለበት በአንድ ትንፋሽ ተናገረ። አባት ብዙ ዝም አሉ። ቍጣ ይጠብቅ ነበረ፤ ቍጣው ግን አልመጣም።

«እኅትህ ስምንተኛ ክፍልን ጨርሳለች» አሉ በመጨረሻ። «ለከፍተኛው ትምህርት መሐል ሜዳ ቤት ተከራይታ መቀመጥ ነበረባት። ወንድምሽ ደመወዝተኛ ነው፥ እርሱ ይልክልሻል ብዬ በጎቹን ሳልሸጥ ቀረሁ። አንተም ዛሬ ነገ ስትል የምዝገባው ቀን አለፈ። እኔ በጐተራዬ ያለውን እህል ትቼ አንተ የነገርኸኝን እህል ቈጠርሁ።»

ጐልማሳው እስከዚያ ሰዓት ድረስ ሐሰቱ የሚጐዳው ራሱን ብቻ ይመስለው ነበር። እኅቱ ያለ ጥፋቷ አንድ ዓመት ከቤት እንደ ቀረች በሰማ ጊዜ ግን ፊቱን በእጁ ሸፍኖ አለቀሰ። አባቱ እስኪበቃው ዝም ብለው ከቆዩ በኋላ እንዲህ አሉት፦

«እኔ ጎጆ በወጣሁ ጊዜ ለምሰሶ የሚሆን እንጨት አልነበረኝም። ለጎረቤቴ ምሰሶ ጐደለኝ ብዬ ነገርሁት፤ ከቤቱ ጀርባ ካለው ጥድ አንዱን ቈርጦ ሰጠኝ። ኰርቼ አለኝ ብዬ ቢሆን ኖሮ እስከ ዛሬ ምሰሶ አላቆምም ነበር። ደቦ የሚመጣው ለጐደለው ሰው ነው፤ ሙሉ ነኝ ላለ ሰውማ ማን ይመጣል?»

ባልቴቲቱ የቡናውን ረከቦት ይዘው ቀርበው ነበርና ነገሩን ተቀበሉ። «በከተማም ደቦ አለ፤ ስሙ እድር ነው። ይህ ልጅ ግን በመዝገባችን ላይ የለም። በ1998 ዓ.ም. በሐምሌ መጨረሻ ደቻቱ በሌሊት ሞልቶ ከ200 በላይ ሰው በፈጀ ጊዜ፥ እኛ በሰፈራችን ማን እንደ ጐደለ ያወቅነው የእድሩን መዝገብ ገልጠን ስም በመጥራት ነው። እዚህ ግቢ ኖሮ ስሙ ያልተጻፈ ሰው ቢወሰድ ማን ይጠራው ነበር?» አሉ። ይህ ነገር ከአባቱ ቃል ጋራ በጐልማሳው ልብ ተቀረጸ።

አባት ከተመለሱ በኋላ በመጀመሪያው እሑድ ባልቴቲቱ ጐልማሳውን ወደ እድሩ ስብሰባ ይዘውት ሄዱ። በዚያም «ተከራዬ ነው፤ ተምሯል፤ ሥራ ግን የለውም» ብለው በሰው ሁሉ ፊት ተናገሩ። እርሱም መሬት ተከፍታ ብትውጠው ደስ ባለው ነበር። ነገር ግን የሣቀበት አልነበረም። የእድሩ ጸሐፊ ዓይናቸው ደክሞ ነበርና የመዋጮውን ሒሳብ የሚያስተካክልላቸው ሰው ይፈልጉ ነበር፤ መዝገቡን ሰጡት። ዐሥራ አምስት ቀን ሠርቶ፥ የገባውንና የወጣውን ለይቶ፥ በንጹሕ አገላብጦ አስረከበ። በዚያው ወር አንድ እስላም ጎረቤት ባረፉ ጊዜ ድንኳን ከተከሉት፥ ወንበር ከተሸከሙትና ውኃ ከቀዱት አንዱ እርሱ ነበረ። በልቅሶው ቤት አጠገቡ የተቀመጠ የቀፊራ ገበያ እህል ነጋዴ «ያን መዝገብ የጻፍህ አንተ ነህ?» ብሎ ጠየቀው፤ በሳምንቱም ሒሳብ ያዥ አድርጎ ቀጠረው።

የመጀመሪያውን ደመወዝ በተቀበለ ቀን በወረቀት ላይ ደለደለው። ሲሶውን ለኪራይና ለውዝፉ፥ ሌላውን ሲሶ ለምግብ አደረገ፤ ከቀረው ላይ ለእድሩና ለዕቁቡ ከፍሎ፥ ለራሱ የተረፈው ከአንድ ጥንድ ጫማ ዋጋ ያነሰ ነበር። ወረቀቱንም ይዞ ለአባቱ ደወለና አንድም ሳያስቀር አነበበላቸው፤ ደመወዙን፥ ዕዳውን፥ የጐደለውንም። አባቱም አዳምጠው ሲጨርሱ «እንግዲህ ዛሬ ጎጆ ወጣህ» አሉት።

ዕቁቡ በነሐሴ ወጣለት። በመስከረም እኅቱ መሐል ሜዳ ተመዘገበች፤ የቤት ኪራይዋንም እርሱ ቻለ። በአልጋ ሥር ታጥፎ የኖረውን ባናም ለመንገደኛ አስይዞ ላከላት፤ በመሐል ሜዳ ብርድ ለሚያድር ተማሪ የሚጠቅም ነውና። ከዚያም ወዲህ ጐልማሳው በተማረበት ሙያ ከአንድ ድርጅት ተቀጥሮ፥ ለጡረታ ከደመወዙ በመቶ 7 እየተቀነሰለት፥ እንደ ማንኛውም ሠራተኛ ይኖራል። እኅቱም ትምህርትዋን ቀጠለች። ያለፈው አንድ ዓመት ግን አልተመለሰም፤ እርስዋ በክፍል ውስጥ ከእኩዮችዋ በአንድ ዓመት ወደ ኋላ ቀርታ መቀመጥዋን እርሱ አልረሳውም፥ ሊረሳውም አይገባም።

በየዓመቱ ብዙ ሺህ ተመራቂዎች ከየዩኒቨርሲቲው በር ሻንጣቸውን ይዘው ይወጣሉ። ሁሉም ወዲያው ሥራ አያገኙም፤ ይህ የእነርሱ ጥፋት አይደለም። በዚያ ጊዜ አባትና እናት፥ ጎረቤትና ዘመድ «ደመወዝህ ስንት ሆነ?» ብለው ከሚጠይቁ «ምን ጐደለህ?» ቢሉ ይሻላል፤ የመጀመሪያው ጥያቄ ለሐሰት በር ይከፍታል፥ ሁለተኛው ግን ደቦ ይጠራል። ተመራቂውም በበኩሉ ምሰሶ እንደሌለው ለመናገር አይፈር፤ ጎጆው የሚቆመው ከዚያ ቃል በኋላ ነውና።