የቡቺ ጥፍር

ዛሬ ስለ ወረቀት፣ ስለ ቃለ መጠይቅ፣ ስለ ዕርዳታ መቀነስ አልጽፍም። ዛሬ የምጽፈው ስለ አንድ ቡችላ ጥፍር ነው። አትሳቁብኝ፣ እስከ መጨረሻው አንብቡት። ውሻ ያላችሁ ትጠቀሙበታላችሁ፤ የሌላችሁም የምትወስዱት አይጠፋም።

ታሪኩ እንዲህ ነው። እዚህ ካምፓላ፣ ካንሳንጋ በተከራየንበት ግቢ የዘበኛው ውሻ ወለደች። ልጄ ስምንት ዓመቷ ነው፤ አንዱን ካላመጣን ብላ እህል አልቀምስም አለች። አመጣነው። ስሙን ቡቺ አልነው። በአገራችን ቡቺ ያልተባለ ቡችላ የትኛው ነው?

ችግሩ ጥፍሩ ነበር። የቡችላ ጥፍር እንደ መርፌ የሾለ ነው። በደስታ ሲዘል የጎረቤት ሕፃን እግር ጫረ። አከራያችን፣ ሁላችንም ጃጃ የምንላቸው አሮጊት፣ ጠርተውኝ «ልጆች በሚጫወቱበት ግቢ እንዲህ አይሆንም። ወይ ጥፍሩን አስተካክይ፣ ወይ እስከ ወሩ መጨረሻ አስወጪው» አሉኝ። አልተቀየምኳቸውም፤ ልክ ናቸው። ደግሞስ ስደተኛ ከአከራይ ተጣልቶ የት ይደርሳል? ቤት መፈለግ ምን እንደሆነ ታውቁታላችሁ።

እኔ ያደግሁት ደሴ ነው። በእኛ ቤት ውሻ ግቢ ይጠብቃል እንጂ እግሩ ተይዞ የሚታይ አልነበረም። ጥፍሩንም ድንጋዩና ኮረኮንቹ ይጨርሱት ነበር። እናም ምንም ሳላውቅ፣ አንድ እሑድ ከሰዓት በኋላ ቡቺን በጋቢ ጠቀለልኩት። ወንድሜ አንገቱን፣ ልጄ እግሩን ያዙ፤ እኔ የሰው ጥፍር መቁረጫ ይዤ ቀረብኩ። ሁለቱን ቆረጥኩ። ሦስተኛው ላይ ጮኸ፣ ደም ፈሰሰ፣ ዞሮ የልጄን እጅ ነከሰ። ጋቢው ላይም ሸናበት።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልናገር፤ ከጥፍሩ ወሬ ይበልጣል። ውሻ ነክሶ ቆዳ ከቀደደ፣ ቡችላም ቢሆን፣ የራሳችሁም ውሻ ቢሆን፣ ቁስሉን ወዲያው በሚፈስ ውሃና በሳሙና 15 ደቂቃ እጠቡ። ከዚያ በቀጥታ ወደ ሐኪም ቤት። ቡናም ሆነ ነጭ ሽንኩርት አትነስንሱበት። የእብድ ውሻ በሽታ ምልክቱ ከታየ በኋላ የሚድን የለም ማለት ይቻላል፤ በጊዜ የተወሰደ ክትባት ግን ያድናል። ቡቺ ገና አልተከተበም ነበር። ልጄ በተለያዩ ቀናት መርፌዋን ተወጋች፤ ውሻውንም አስረን ለ10 ቀን እንድንከታተለው ተነገረን።

እነዚያን 10 ቀናት እንዴት እንዳለፍኳቸው ፈጣሪ ያውቃል። ሌሊት እየተነሳሁ በባትሪ አየው ነበር። በላ? ውሃ ጠጣ? ጠባዩ ተለወጠ? አሥሩ ቀን ሲያልፍ ደህና ነበር። እኔም ተንበርክኬ አለቀስኩ።

ጤናው ደህና ይሁን እንጂ ቡቺ ያው ቡቺ አልነበረም። እጄ ወደ እግሩ ሲሄድ አልጋ ሥር ይገባል። የመቁረጫውን ድምፅ ሲሰማ ይንቀጠቀጣል።

አንድ ማታ አልጋ ሥር ጎንበስ ብዬ ዓይኑን ሳየው የራሴ ነገር መጣብኝ። መጀመሪያ አሻራ የሰጠሁ ቀን፣ ሰውየው አንዲት ቃል ሳይናገረኝ እጄን ይዞ ጣቶቼን አንድ በአንድ መስታወቱ ላይ ተጫናቸው። አላመመኝም። ግን ከመንገድ ገና መምጣቴ ነበር፤ መንገድ ላይ እጄን የያዘኝ ሁሉ ለደግ አልነበረም። እጄን ነጥቄ ሰበሰብኩት። «አስቸጋሪ ነሽ» አለኝ። ከዚያ ወዲህ ስንት ስብሰባ ላይ «ሳትጠይቁን አትንኩን፣ መጀመሪያ አስረዱን» እያልኩ ተናግሬአለሁ። ይህን የምትል ሴት ናት እንግዲህ ቡችላ በጋቢ ጠቅልላ ለሦስት የያዘችው።

ጃጃን አንድ ወር ጨምሩልኝ ብዬ ለመንኳቸው። እስከዚያው ግቢ ሲወጣ በገመድ ሊሆን ተስማማን። ሦስት ወር ሲሞላው ልናስከትበው ስንሄድ የእንስሳት ሐኪሟን ጠየቅኋት፤ እሷ እንዳለችን አደረግን።

በመጀመሪያው ሳምንት መቁረጫ የሚባል ነገር አላየም። ሙኬኔ የምትባለዋን ትንሽ ደረቅ ዓሣ ታውቋታላችሁ፤ ርካሽ ናት፣ ውሻም ይሞትላታል። ትከሻውን ነካ አድርገን ዓሣ መስጠት። ሲለምድ ወደ ክርኑ፣ ከዚያ ወደ መዳፉ፣ ከዚያ ጣቱን ያዝ አድርጎ መልቀቅ። መጀመሪያ መንካት ነው፣ ዓሣው ቀጥሎ ይመጣል። ከተገለበጠ ዓሣው ራሱ የማስፈራሪያ ምልክት ይሆንበታል። እግሩን ከሳበ ወዲያው መልቀቅ። ሳይበላ ከንፈሩን ከላሰ፣ ሳይተኛ ካዛጋ፣ ፊቱን አዙሮ የዓይኑ ነጭ ከታየ፣ ሰውነቱ ከደረቀ በቃ ብሏል፤ ለዚያ ቀን ማቆም ነው። ቢያጉረመርም አትምቱት። እየነገራችሁ ነው። ማጉረምረሙን በዱላ ካስተዋችሁት ሳይናገር የሚነክስ ውሻ ታሳድጋላችሁ።

በሁለተኛው ሳምንት መቁረጫውን መሬት ላይ አስቀምጠን አጠገቡ ዓሣ ሰጠነው። ቀጥሎ ደረቅ ፓስታ በመቁረጫው እየቆረጥን ድምፁን አስለመድነው፤ «ቀጭ» ሲል ዓሣ። ከዚያ ሳንቆርጥ ብረቱን ጥፍሩ ላይ ማስነካት። በሦስተኛው ሳምንት በቀን አንድ ጥፍር ብቻ፣ ያውም ጫፏን።

ጥፍሩ ውስጥ ደም ሥርና ነርቭ ያለበት ሕያው ሥጋ አለ፤ የመጀመሪያው ቀን የቆረጥኩት እሱን ነበር። ጥፍሩ ነጣ ያለ ከሆነ ሮዝ መልኩ ከውጭ ይታያል። ጥቁር ከሆነ ስለማይታይ በጣም በጥቂት በጥቂቱ መቁረጥ፣ የተቆረጠው መሐል ላይ ጠቆር ያለች ነጥብ ስትመጣ ማቆም ነው። ቢደማ የበቆሎ ዱቄት ይዛችሁ ለጥቂት ደቂቃ ተጫኑት። ከፍ ብላ ከውስጥ በኩል ያለችውን፣ እንደ አውራ ጣት ያለችውን አትርሷት፤ መሬት ስለማትነካ አታልቅም፣ ታጥፋ ሥጋ ልትወጋ ትችላለች።

ትዕግሥቱ የእኔ እንዳይመስላችሁ፤ የልጄ ነው። የተነከሰችው እሷ፣ መጀመሪያ እጇን የዘረጋችውም እሷ። ሁለቱም ይፈሩ ነበር። እሷ ዓሣ ትሰጣለች፣ እኔ እቆርጣለሁ፤ መቁረጫውን ለሕፃን አልሰጥም። እናቴ በስልክ ሰምታ «ልጄ ካምፓላ ሄዳ የውሻ ጥፍር ቆራጭ ሆነች! በጾም ደግሞ ቤቱን ዓሣ ዓሣ ታሸቺው?» ብላ ስቃ ልትሞት።

ባለፈው ሳምንት ጃጃ ራሳቸው መጥተው በር ላይ ቆመው አዩ። ቡቺ መዳፉን ልጄ ጉልበት ላይ አድርጎ አራት ጥፍር አስቆረጠ። ጃጃ ምንም አላሉም። ማታ ግን በሳህን የዓሣ ጭንቅላት ላኩለት። ስለ መውጣት የተነሳ ነገር የለም።

ሁሉም አልቋል አልልም። ያን ቀን የደማችው የኋላ ግራ እግሩ ናት፤ እሷን እስከ ዛሬ ይሰበስባታል። 18 ጥፍር አለው፤ 14ቱን ይሰጠናል፣ አራቱን እንጠብቃለን። ቢለምድም በየሦስትና አራት ሳምንቱ መደገሙ አይቀርም፣ ስለዚህ ጊዜ አለን። እስከዚያው ሲሚንቶው ላይ እየሄደ ትንሽ ትንሽ ያልቅለታል።

አንድ ነገር ግን ሥራዬ ላይ ቀይሬአለሁ። ቅዳሜ ስንሰበሰብ አዲስ የመጣ ሰው ካለ፣ ድሮ «ታሪክሽን ንገሪን፣ ለመርዳት ነው» እንል ነበር፣ ገና ሻይዋን ሳትጨርስ። ለመርዳት መሆኑ እውነት ነው። እኔም ቡቺን ለመርዳት ነበር። አሁን ሻይ እንሰጣለን፤ ምን እንደምንሠራ፣ ምን እንደማንችል እንናገራለን፤ ከዚያ እንጠብቃለን። አንዲት እህታችን ሦስት ቅዳሜ ዝም ብላ ተቀምጣ ሄደች። በአራተኛው ወረቀቷን ከቦርሳዋ አውጥታ ራሷ እጄ ላይ አኖረችው።

ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ይላሉ አባቶች። ውሻችሁን አስከትቡ፣ ልጆቻችሁን ጠብቁ፣ የፈራን አትጫኑ።

ቸር ያሰማን።