ፊደል የሌላት ክፍል

ላፕቶፑ ሲንቀራፈፍበት "ኤስኤስዲ ይግባለት፤ አዲስ ይሆናል" ያልተባለ ሰው በመካከላችሁ ያለ አይመስለኝም። ምክሩ ትክክል ነው፤ እኔም ለብዙዎች መክሬአለሁ። ዛሬ የምነግራችሁ ግን ይህንኑ ሥራ በገዛ እጄ ስሠራ ስለ ተሳሳትሁት ስሕተትና፣ ስሕተቴን በሌላ ሰው ላይ ስለ ጣልሁበት ቀን ነው።

ከማስተምራቸው ወጣቶች አንዷ የዩኒቨርሲቲ የመጨረሻ ዓመት ተማሪ ነበረች። ላፕቶፗ ከታላቅ ወንድሟ የደረሳት ነው። ለመነሣት አራት ደቂቃ ይፈጅበታል፤ የመመረቂያ ጽሑፏን ስትከፍት ደግሞ ሻይ አፍልታ መመለስ ትችላለች። አዲስ መግዛት የማይታሰብ ስለ ነበር ወጣቶቹ ከየኪሳቸው አዋጡና 240 ጊጋባይት ኤስኤስዲ ተገዛላት። የመግጠሙን ሥራ "እኔ አለሁ" ብዬ ወሰድሁት። ኮሌጅ ሳለሁ ኮምፒውተር ፈታትቼ አውቃለሁና ማንም "ትችላለህ ወይ?" ብሎ አልጠየቀኝም፤ እኔም ራሴን አልጠየቅሁም። ጽሑፏን ለማስረከብ የቀራት ስድስት ቀን ነበር።

ልዩነቱን ለማታውቁት ባጭሩ ልንገራችሁ። በአሮጌው ሀርድ ዲስክ ውስጥ እንደ ሸክላ የሚሽከረከር ሳህን አለ፤ በብዙ ላፕቶፖች ላይ በደቂቃ 5,400 ጊዜ ይዞራል። ፋይል በተፈለገ ቁጥር አንዲት ቀጭን ክንድ ወዲያና ወዲህ እየሄደች ትፈልጋለች። ኤስኤስዲ ግን የሚንቀሳቀስ አካል የለውም፤ እንደ ፍላሽ በቺፕ ላይ ነው የሚጽፈው። ፍጥነቱም ከዚያ ይመጣል።

አዲሱን ዲስክ በዩኤስቢ ገመድ አገናኝቼ የመገልበጫውን ፕሮግራም ከፈትሁ። ፕሮግራሙ አሮጌውን ዲስክ አራት ቦታ ከፋፍሎ አሳየኝ። ትልቁ ክፍል "ሲ" የሚለውን ፊደል ይዟል። የቀሩት ሦስቱ ትንንሾች ናቸው፤ ፊደልም የላቸውም። አንዷ 100 ሜጋባይት ብቻ ነበረች። "ፋይሎቿ ያሉት ሲ ላይ ነው፤ እነዚህ ትርፍራፊ ናቸው" አልሁና ሲን ብቻ መርጬ ገለበጥሁ። ከዚያም የላፕቶፑን ጀርባ ፈትቼ አሮጌውን አውጥቼ አዲሱን ገጠምሁ።

ማብሪያውን ተጫንሁ። የላፕቶፑ ዓርማ መጣ፤ ቀጥሎ ጨለማ፤ በጨለማው ላይ ነጭ ጽሑፍ፦ "ኖ ቡታብል ዲቫይስ"። የምነሣበት ዲስክ አላገኘሁም ማለቱ ነው።

ፈትቼ እንደ ገና ገጠምሁት። ያው ነው። ኤፍ2ን ተጭኜ ባዮስ ውስጥ ገባሁ። አዲሱ ዲስክ ከነስሙና ከነመጠኑ እዚያ ተዘርዝሯል። እዚህ ላይ ልብ በሉ። ባዮስ ዲስኩን በስሙና በትክክለኛ መጠኑ ካሳየ፣ ዲስኩ ተገናኝቷል፤ አለመታወቅም አይደለም ችግሩ። ከዚያ በኋላ መጀመሪያ መመርመር ያለበት በላዩ ላይ የተጻፈው ነገር ነው። የጻፍሁት ደግሞ እኔ ነኝ። ይህን በዓይኔ እያየሁ አለፍሁት። የአነሣሡን ዘዴ ከዩኢኤፍአይ ወደ ሌጋሲ ቀየርሁ፤ ሴኪዩር ቡትን አጠፋሁ፤ የዲስኮቹን ቅደም ተከተል አዘዋወርሁ፤ ሁሉንም በአንድ ጊዜ። ከሌሊቱ ስድስት ሰዓት ሲሆን ምን ምን እንደ ነካካሁ ራሴም አላስታውስም ነበር። በመጨረሻ ፍርድ ሰጠሁ፦ ዕቃው ፎርጅድ ነው።

ልጅቷ በጠዋት ደወለች። "ቲቸር፣ ተነሣልህ?"

"ዕቃው ችግር አለበት። ዛሬ ወስጄ አስቀይረዋለሁ።"

ጥቂት ዝም አለችና፣ "እሺ። ግን ቲቸር፣ ሁሉም ነገር እስኪያልቅ አሮጌውን ዲስክ እንዳትነካው" አለችኝ።

ያልነገርኋት ነገር ነበር። አሮጌውን ዲስክ አጥፍቼ ለመዘምራን ቅጂዎች ማስቀመጫ ላደርገው አስቤ ገመዱን ሰክቼ ጠረጴዛ ላይ አኑሬው ነበር። አጥፍቼው ቢሆን፣ አዲሱንም ለሻጩ መልሼ ብሰጠው፣ የአንድ ዓመት ድካሟ በሁለት በኩል በእኔው እጅ ይጠፋ ነበር።

ሱቁ ስደርስ ሦስት ደንበኞች ቆመዋል። ተራዬን አልጠበቅሁም። ዲስኩን መስታወቱ ላይ አስቀምጬ፣ "ፎርጅድ ነው የሸጥክልን! የተማሪዎች መዋጮ ነው፤ አታፍርም?" አልሁ። ድምፄ ከፍ ብሎ ነበር። ከደንበኞቹ አንዱ በእጁ የያዘውን ዕቃ አስቀምጦ ወጣ።

ሻጩ በእናንተ ዕድሜ ያለ ልጅ ነው። አልመለሰልኝም። "ወንድሜ፣ ይቀመጡ" ብሎ ዲስኩን በራሱ ኮምፒውተር ላይ ሰካው። የልጅቷ ፋይሎች ሁሉ ተከፈቱ። ከዚያም የዲስኩን ክፍሎች የሚያሳየውን ገጽ አወጣ። አንድ ክፍል ብቻ ነበር።

"ሲገለብጡ ሙሉ ዲስኩን ነው ወይስ ሲን ብቻ?" አለኝ።

"ሲን ብቻ።"

ልጁ አስረዳኝ። ያቺ ፊደል የሌላት 100 ሜጋባይት ክፍል የማስነሻዋ ክፍል ናት። እንዲህ ያለው ላፕቶፕ ሲበራ አስቀድሞ የሚፈልገው እርሷን ነው፤ በውስጧ ያለችው ትንሽ ፋይል ናት ሲ ላይ ያለውን ዊንዶውስ የምትጠራው። እርሷ ከሌለች ዊንዶውስ ሙሉ ሆኖ ቢቀመጥም የሚጠራው የለም። ፊደል የማይሰጣትም ሰው በስሕተት እንዳይነካት ነው።

"አሮጌው ዲስክ አለ?"

"አለ።"

"እንግዲያው ምንም አልጠፋም።"

ሄጄ ላፕቶፑንም ዲስኩንም አመጣሁ። ከነትንንሾቹ ሙሉውን ገለበጠው። አሮጌው 500 ጊጋባይት ቢሆንም የተያዘው 110 ያህሉ ብቻ ስለ ነበር፣ ሲን አጥብቦ በ240ው ላይ አበቃው። እኔ ያመሰቃቀልሁትንም የባዮስ ምርጫ ወደ ዩኢኤፍአይ መለሰው። ላፕቶፑ ሃያ ሰከንድ ሳይሞላ ተነሣ። ለድካሙ ምንም አልተቀበለኝም። አመስግኜው ወጣሁ።

እናንተም ይህን ሥራ ስትሠሩ፣ ከሁሉ በፊት ዋና ዋና ፋይሎቻችሁን ሌላ ቦታ ላይ አስቀምጡ። ዲስኩ በቢትሎከር የተቆለፈ ከሆነ፣ ባዮስ ከመንካታችሁ በፊት የመክፈቻ ቁጥሩን ያዙ። ሙሉ ዲስኩን ገልብጡ። አልነሣ ካለ ባዮስ ውስጥ ገብታችሁ ዲስኩ መታየቱን ተመልከቱ፤ ካልታየ መጀመሪያ አገጣጠሙን፣ ከታየ መጀመሪያ አገለባበጡን መርምሩ። በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ ቀይሩ፤ የቀየራችሁትንም ጻፉ። አሮጌውን ዲስክ አዲሱ ለጥቂት ቀናት በሚገባ እስኪሠራ ድረስ አትንኩት። ይህን የመጨረሻውን ያስተማረችኝ ተማሪዬ ናት።

አንድ ነገር ግን ቀርቶብኝ ነበር። "አመሰግናለሁ" ብዬ ወጣሁ እንጂ "ይቅርታ" አላልሁም። ታክሲ ተሰልፌ ሳለሁ ታወሰኝ፤ "ገብቶታል" ብዬ ራሴን ሸነገልሁ። ቀኑን ሙሉ ግን ያ ዕቃውን አስቀምጦ የወጣው ሰው ከፊቴ አልጠፋ አለ። እርሱ የሰማው የእኔን ጩኸት ብቻ ነው፤ ሁለተኛውን ክፍል አላየም።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ተመልሼ ሄድሁ። ሱቁ ባዶ ነበር፤ ያ ግን ለእኔ የሚመች እንጂ ለእርሱ የሚገባ አልነበረም። የሰደብሁት ሰው ፊት ነውና ሰው እስኪገባ ውጭ ቆሜ ጠበቅሁ። ሁለት ደንበኞች ሲገቡ ተከትዬ ገባሁ። "ባለፈው እዚህ ቆሜ ፎርጅድ ሸጥክልኝ ብዬሃለሁ። ዕቃው ደኅና ነበር፤ ስሕተቱ የእኔ ነው። ይቅርታ አድርግልኝ" አልሁት።

ልጁ አንገቱን ደፍቶ ገመዶች መጠቅለል ጀመረ። ከዚያ ቀና ብሎ፣ "ልጅቷ አስረከበች?" አለኝ።

"አስረከበች።"

"እሱ ነው ዋናው" አለ።

ዞር ብዬ የቆሙትን ደንበኞች አየሁ። ያ ያን ዕለት ወጥቶ የሄደው ሰው በመካከላቸው አልነበረም።