ቆሼ፦ ለማናውቀው ሰው እስከ የት?

በኮልፌ ቀራንዮ በኩል በቀለበት መንገዱ የሚያልፍ ሰው ቆሼ መድረሱን የሚያውቀው በአፍንጫው ነው። የታክሲው መስኮት ይዘጋል፣ ነጠላ ወደ ፊት ይሳባል፣ ትንፋሽ ተይዞ ይታለፋል። ለእኛ የጥቂት ደቂቃ መንገድ የሆነው ለሌሎች ሰፈር ነው። እዚያም ልጅ ይወለዳል፣ ቡና ይፈላል፣ እድር አለ፣ ተማሪ በጠዋት ደብተሩን ይዞ ይወጣል።

የአዲስ አበባ ቆሻሻ እዚህ መደፋት ከጀመረ ከ50 ዓመት በላይ ሆኖታል። ያኔ ቦታው ከከተማ ውጭ ነበር። ከተማው እየሰፋ መጥቶ ከበበው። 36 ሄክታር ገደማ በሚሆነው መሬት ላይ ክምሩ ኮረብታ ሆነ፤ በኮረብታው ላይ ደግሞ ሃይላንድ፣ ቆርቆሮና ብረት እየለቀመ ሸጦ የሚያድር ሰው በዛ። በ2008 ዓ.ም. ቆሻሻው ወደ ሰንዳፋ እንዲሄድ ተደርጎ ነበር። የአካባቢው ገበሬዎች ስለተቃወሙ ከጥቂት ወራት በኋላ ወደ ቆሼ ተመለሰ።

መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. ቅዳሜ ምሽት የኮረብታው አንድ ጎን ተንዶ ከግርጌው የነበሩትን ቤቶች ከነሰዎቹ ዋጠ። ከ110 በላይ ሰዎች ሞቱ፤ ከእነሱም የሚበዙት ሴቶች ነበሩ። የሦስት ቀን ብሔራዊ ሐዘን ታወጀ። ቁጥሩን ብዙዎቻችሁ ታስታውሱታላችሁ። እኔ ዛሬ ላነሣ የፈለግሁት ቆፋሪዎቹን ነው።

ከባድ መኪና እስኪደርስ ድረስ የቆፈረው ጎረቤት ነው፤ በአካፋ፣ አካፋ ያላገኘውም በእጁ። ከተቀበሩት መካከል ከክፍለ ሀገር መጥተው ደሳሳ ቤት የተከራዩ፣ የእድር መዝገብ ላይ የሌሉ፣ ስማቸውን የሰፈሩ ሰው እንኳ በቅጡ የማያውቀው ነበሩ። ለእድርተኛ መድረስ ግዴታ ነው፤ ነገ እሱም ይደርስልሃል። ስሙን ለማታውቀው ተከራይ ስትቆፍር ግን ብድሩን የሚመልስልህ የለም። የቆሼ ሰው ይህን ሳያሰላ ቆፈረ።

እዚህ ላይ ወላጅ የሆነ ሁሉ የሚያውቀው ከባድ ጥያቄ ይመጣል። ልጅህ አካፋ ይዞ ሊወጣ በሩ ላይ ቆሟል። ጨለማ ነው፤ ክምሩ እንደገና ሊናድ ይችላል። «ሂድ» ትለዋለህ ወይስ «አትሂድ»? «አትሂድ» የምትል እናት ጨካኝ አይደለችም። ፍርሃቷ ከንቱ እንዳልሆነ ሐምሌ 15 ቀን 2016 ዓ.ም. በጎፋ ዞን፣ ገዜ ጎፋ ወረዳ የደረሰው አሳይቶናል። መጀመሪያ ናዳ የተወሰኑ ሰዎችን ቀበረ፤ ጎረቤት ሊያወጣቸው ተሰብስቦ ሲቆፍር ሁለተኛው ናዳ ደርሶ ቆፋሪዎቹን ቀበረ። በዚያ አደጋ ከ200 በላይ ሰዎች አልቀዋል። ብዙዎቹ የሞቱት ሌላውን ሊያድኑ ሲሉ ነው።

በነርስነት ስንማር የመጀመሪያ እርዳታ ትምህርት የሚጀምረው ቁስል ከማሰር አልነበረም። «ከመቅረብህ በፊት ቦታው ለአንተ አደገኛ አለመሆኑን እይ» ከሚለው ነበር። በወጣትነቴ ይህ ትእዛዝ ራስ ወዳድነት ይመስለኝ ነበር። ዕድሜና ሥራ ያስተማረኝ ግን ሌላ ነው፤ ሊያድን ሄዶ የወደቀ ሰው የተጎጂውን ቁጥር በአንድ ይጨምራል፣ የአዳኙን ቁጥር በአንድ ይቀንሳል።

ሕጋችንም ይህንኑ ያውቃል። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ አንቀጽ 575 ራሱን ወይም ሌላውን ለአደጋ ሳያጋልጥ መርዳት እየቻለ፣ በከባድ አደጋ ላይ ያለን ሰው ሆን ብሎ ያለ እርዳታ ትቶ የሚሄደውን ይቀጣል። ልብ በሉ፤ ሕጉ «በቀጥታም ሆነ በተዘዋዋሪ» ይላል። እንግዲህ ናዳ ላይ መውጣት የማይችል ሰው ከመርዳት ነጻ አልሆነም ማለት ነው። የባሕር ሕግም ቃሉ ተመሳሳይ ነው። በ1982 እ.ኤ.አ. የተፈረመው የተባበሩት መንግሥታት የባሕር ሕግ ስምምነት አንቀጽ 98፣ የመርከብ አዛዥ መርከቡን፣ ሠራተኞቹንና መንገደኞቹን ለከባድ አደጋ እስካላጋለጠ ድረስ በባሕር ላይ ሊጠፋ የተቃረበን ማንኛውንም ሰው እንዲረዳ ያዛል። ማንኛውንም ይላል፤ ዜግነቱን አይጠይቅም።

«ቆሼና ባሕር ምን አገናኛቸው?» የሚል አይጠፋም። ባሕር የለንም፤ ባሕር ላይ ግን ልጆች አሉን። በጅቡቲ በረሃ አቋርጠው፣ ከኦቦክ ዳርቻ በተጨናነቀ ጀልባ ወደ የመን የሚሻገሩት የእኛው ናቸው። ሐምሌ 27 ቀን 2017 ዓ.ም. ከ150 በላይ ሰዎች የጫነች ጀልባ በየመን፣ አብያን አካባቢ ተገልብጣ አብዛኞቹ አለቁ። ከተሳፋሪዎቹ የሚበዙት ኢትዮጵያውያን ነበሩ። በዚያች ሰዓት ለእነዚያ ልጆች እናትም እድርም የለም። ያላቸው አንድ የማያውቃቸው ዓሣ አጥማጅ ቢኖር እሱ ነው። እሱም ቤተሰብ አለው፤ የሚሰምጥ ሰው ሁሉ የትንሽ ጀልባን ጠርዝ ከያዘ ጀልባዋ እንደምትገለበጥ ያውቃል።

እኛም የባዕድ ጀልባ ውለታ አለብን። ኅዳር 14 ቀን 1989 ዓ.ም. የተጠለፈው የኢትዮጵያ አየር መንገድ አውሮፕላን ነዳጁን ጨርሶ በኮሞሮስ ዳርቻ ባሕር ላይ ወደቀ። ከ175 ሰዎች 50ዎቹ ተረፉ። ቀድመው የደረሱላቸው የደሴቲቱ ሰዎችና ለእረፍት የመጡ እንግዶች ነበሩ፤ ያገኙትን ጀልባ ይዘው ገቡ፣ በእረፍት ላይ የነበሩ ሐኪሞችም ቁስለኞቹን ተቀበሉ። ከእነዚያ ሰዎች ስንቶቹ አዲስ አበባን በካርታ ላይ ያውቁ ነበር?

ስለዚህ ለልጆቻችን «አያገባህም» ብለን አናስተምር። «ዘለህ ግባ» ብለንም አናስተምር። የምናስተምራቸው ከሁለቱ መካከል ያለውን ይሁን። ውኃ ውስጥ ለሚሰምጥ ሰው ዋና የማይችል ልጅ አይገባም፤ ገመድ፣ ረጅም እንጨት ወይም ክዳኑ የተዘጋ ባዶ ጄሪካን ይወረውራል፣ ይጮሃል፣ ሰው ይጠራል። ናዳ ሲሆን ሁሉም ክምሩ ላይ አይወጣም። ጥቂቶች ይቆፍራሉ፤ አንድ ሰው ከላይ ያለውን ዳገት ብቻ እየተመለከተ ሲንቀሳቀስ ካየ «ውጡ!» ይላል። በየመሐሉ ሁሉም ዝም ብሎ ከስር ድምፅ እንዳለ ያዳምጣል። የወጣውን ሰው አፍና አፍንጫ ከአፈር ማጽዳት፣ መተንፈሱን ማየት፣ በጋቢ ማሞቅ የአያት እጅም ይችለዋል። የእሳትና ድንገተኛ አደጋን 939፣ የቀይ መስቀል አምቡላንስን 907 የቤቱ ልጅ ሁሉ በቃሉ ይወቅ።

ከአደጋው በኋላ በረጲ ከቆሻሻ ኤሌክትሪክ የሚያመነጨው ፋብሪካ በ2010 ዓ.ም. ነሐሴ ተመርቋል። መንገደኛው ግን ዛሬም በዚያ ሲያልፍ አፍንጫውን ይሸፍናል። ይሸፍን፤ አልወቅሰውም። ከልጅ ልጆቻችሁ ጋር በዚያ ስታልፉ ግን «ይሸታል» ብላችሁ ብቻ አትለፉ። «እዚህ ሰፈር ሰዎች ለማያውቁት ሰው በእጃቸው ቆፍረዋል» በሏቸው። ልጁ «እኔ ብሆንስ ምን አደርጋለሁ?» ብሎ መጠየቁ አይቀርም። ያኔ መልሱን አብራችሁ ፈልጉት፤ አደጋ በመጣ ሰዓት ለመመካከር ጊዜ የለም።