ድንጋዩና ሁለቱ ሳንቲሞች



የፊታችን ማክሰኞ፣ ጌታ ቢፈቅድ፣ ከዲንሾ ተነሥቼ አዲስ አበባ እሄዳለሁ። ኮንፈረንስ የለኝም፤ ለስብከትም አልተጋበዝኩም። የምሄደው ዘመናዊ ሕንፃዎችን ለማየት ነው። ይህን ለባለቤቴ ስነግራት ሳቀች። «ሃምሳ ዓመት ካለፈህ በኋላ ፎቅ ልታይ?» አለችኝ። ቀጥላም ሳቋን ትታ፣ «ለመንገድህ ከቤተ ክርስቲያን ሣጥን አንድ ብር እንዳትነካ» አለች። አልነካሁም።

ነገሩ እንዲህ ነው። የጸሎት ቤታችን ግድግዳው ጭቃ፣ ጣሪያው ቆርቆሮ ነው። ዲንሾን የሚያውቅ ብርዷን ያውቃል፤ ከተማችን ከባሕር ወለል በላይ ከ3,000 ሜትር በላይ ነው የተቀመጠችው። እናቶች በጋቢያቸው ላይ ብርድ ልብስ ደርበው ይመጣሉ። ክረምት ሲገባ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድበው ስብከቴን እኔ ራሴ አልሰማውም። ስለዚህ ምእመናን ለአዲስ አዳራሽ ማዋጣት ከጀመሩ ቆይተዋል። የሕንፃ ኮሚቴውም ከወጣቶቻችን አንዱ በስልኩ ያሳየውን ሥዕል ወደደው። ባለ ሁለት ፎቅ፣ ፊቱ በሙሉ መስታወት ነው። የተሰበሰበው ገንዘብ ግን ግማሹን እንኳ አይሸፍንም። «ቀሪውን እንበደር» የሚል ሐሳብ ቀርቧል፤ ውሳኔው የእኔን ቃል ይጠብቃል።

እኔ ደግሞ ፈራሁ። ለምን እንደ ፈራሁ ልንገራችሁ።

የዛሬ ሃያ ዓመት ገደማ በሌላ ከተማ ሳገለግል ትልቅ አዳራሽ እንሥራ ብዬ የተነሣሁት እኔ ነበርኩ። በእምነት እንጀምር አልኩ። ሕዝቡም አመነኝ። መሠረቱ ወጣ፣ ስድስት ዓምዶች ቆሙ፣ ገንዘቡ አለቀ። ዕዳ መጣ፤ ከዕዳው ጋር ሐሜት፣ ከሐሜቱ ጋር መለያየት መጣ። አብረው የጸለዩ ሰዎች በገንዘብ ተጠራጠሩ። አንዳንዶቹ ዛሬም ወደ ኅብረት አልተመለሱም። ዓምዶቹ ብረታቸውን ወደ ሰማይ እንደ ዘረጉ እዚያው አሉ። ጌታ በሉቃስ 14 ግንብ ሊሠራ ስለ ተነሣው ሰው የተናገረውን በሥነ መለኮት ኮሌጅ ተምሬዋለሁ፣ ደጋግሜም ሰብኬዋለሁ። ተቀምጬ ሳልቆጥር የጀመርኩት ግን እኔው ነኝ።

አሁን ወዴት ልሂድ ብዬ ሳስብ ልጄ ትዝ አለችኝ። አርክቴክቸር ተምራ አዲስ አበባ ትሠራለች። ትምህርቱን ስትመርጥ ደስ ያላለኝ አባት ነበርኩ፤ «የሚያልፍ ነገር ነው» ብያት ነበር። ያንን ቃል ረስቼው ነበር፤ እሷ ግን አልረሳችውም። ስደውልላት ጥቂት ዝም አለችና፣ «አባዬ፣ ሥዕል ከመምረጣችሁ በፊት መጥተህ እይ። ሦስት ቀን ስጠኝ» አለችኝ። በማግስቱ የሦስቱን ቀን ዕቅድ በስልክ ላከችልኝ።

ማክሰኞ ከሮቤ በሚመጣው አውቶቡስ በሻሸመኔ በኩል እገባለሁ። ረቡዕ የአፍሪካ አዳራሽ ነው። ጣሊያናዊው አርክቴክት አርቱሮ ሜዜዲሚ የነደፈው ይህ ሕንፃ በ1953 ዓ.ም. ተመረቀ፤ በግንቦት 1955 ዓ.ም. የአፍሪካ አንድነት ድርጅት የተመሠረተው በውስጡ ነው። ታድሶ በጥቅምት 2017 ዓ.ም. እንደገና ተከፍቷል። ግቢው የተባበሩት መንግሥታት ስለሆነ ልጄ አስቀድማ ጠይቃልኛለች። የምታሳየኝ በተለይ የአፈወርቅ ተክሌን ባለ ቀለም መስታወት ነው። 150 ካሬ ሜትር የሚሆን፣ በሦስት የተከፈለ ሥራ ነው፤ የአፍሪካን ያለፈ መከራ፣ ትግሏንና ተስፋዋን ያሳያል። «ብርሃኑ በተስፋው ብቻ አይደለም የሚገባው፤ በመከራውም በኩል ይገባል» አለችኝ። እኔ ሰባኪው ዝም አልኩ።

ሐሙስ ቸርችል ጎዳና ነው። ከላይ የሜዜዲሚ ሥራ ከሆነው ማዘጋጃ ቤት ተነሥተን በእግር እንወርዳለን፤ ታች ፈረንሳዊው አንሪ ሾሜ የነደፈውን ክቡን የንግድ ባንክ ሕንፃ እናያለን። ኮሌጅ ሳለሁ በዚህ መንገድ ስንት ጊዜ ተመላልሻለሁ! አንድ ቀን እንኳ ቀና ብዬ አላየሁም። ከዚያው ሳንርቅ የንግድ ባንክ አዲሱ ዋና መሥሪያ ቤት አለ፤ በየካቲት 2014 ዓ.ም. የተመረቀ፣ 209 ሜትር ከፍታ ያለው፣ መስታወት የለበሰ ነው። የኮሚቴያችን ሥዕል የእሱ የልጅ ልጅ ይመስላል። ልጄ ግን፣ «እንዲህ ያለው ሕንፃ ሙቀቱን የሚያስተካክልለት መሣሪያ አለው። እናንተ ጋ መስታወቱ የሌሊቱን ብርድ ነው የሚያስገባላችሁ» ብላኛለች።

ዓርብ የአፍሪካ ኅብረት ነው። ዋናው ሕንፃ 99.9 ሜትር ነው፤ ኅብረቱን ለመመሥረት የተወሰነበትን ቀን፣ በፈረንጆች 9/9/99ን፣ እንዲያስታውስ ነው። በጥር 2004 ዓ.ም. ተመረቀ። እኔን የያዘኝ ግን ቁመቱ አይደለም። ስፍራው ቀድሞ «ዓለም በቃኝ» የሚባለው ወህኒ ቤት የነበረበት ነው። ስንት እናት በዚያ በር ስንቅ ይዛ ቆማለች! ከሕንፃው ይልቅ ከሥሩ ስላለው መሬት መጸለይ እፈልጋለሁ።

ይህን ዕቅድ በእጄ ይዤ ሳለ የማርቆስ ወንጌልን አነበብኩ። በምዕራፍ 13 መጀመሪያ ከደቀ መዛሙርቱ አንዱ የመቅደሱን ድንጋዮችና ሕንፃዎች እያደነቀ ለጌታ ያሳየዋል። ብዙ ጊዜ ስብከታችንን የምንጀምረው ከዚያ ነው። ከምዕራፉ ቁጥር በላይ ያለውን ግን እንዘለዋለን። ጌታ ገና አሁን በመዝገቡ ሣጥን ፊት ለፊት ተቀምጦ፣ ያላትን ሁሉ የጣለችውን ድኻ መበለት አሳይቷቸው ነበር። እርሱ ሁለት ሳንቲም አሳያቸው፤ እነርሱ ወጥተው ድንጋይ አሳዩት።

ያን ሌሊት የመዋጮውን መዝገብ አውጥቼ እንደገና አነበብኩ። እስከ ዛሬ የማየው ድምሩን ብቻ ነበር። አሁን መስመር በመስመር ሄድኩ። እንቁላል የሸጠች እናት አለች። ከድንቹ አንድ ማዳበሪያ ለጌታ የለየ ገበሬ አለ። ለፓርኩ እንግዶች ፈረስ እየሳበ ካገኘው ያመጣ ወጣት አለ። ብንበደር ዕዳውን የሚከፍሉት እነዚሁ ናቸው። ከሃያ ዓመት በፊት ተቀምጬ ያልቆጠርኩት ይህን ነበር። ሲሚንቶና ብረት ቆጥረን ነበር እኮ! ሰዎቹን ነው ያልቆጠርናቸው።

ታዲያ ለምን ትሄዳለህ ትሉኝ ይሆናል። የምሄደው ቤት መሥራት የሚያልፍ ነገር ነው ብዬ የተናገርኩትን ቃል ለመመለስም ነው። የእናቶቻችን እግር በብርድ ሲቆረጠም እያየሁ «መንፈሳዊው ይበልጣል» ማለት አልችልም። ልጄን የምጠይቃት ሦስት ነገር ጽፌአለሁ፦ የማለዳው ፀሐይ ወንበሮቹ ላይ እንዲያርፍ መስኮቱ በየት ይሁን? ዝናቡ ድምፃችንን እንዳይውጠው ጣሪያው ምን ይሁን? በእጃችን ባለው ገንዘብ፣ በአገራችን ድንጋይ፣ ያለ ብድር የሚያልቀው የትኛው ነው?

ወገኔ ሆይ፣ አንተም ምናልባት ቤት ወይም ንግድ ጀምረህ ይሆናል፤ አንቺም ሰርግ እየደገስሽ ይሆናል። ዛሬ ማታ ተቀምጣችሁ ቁጠሩ። ገንዘቡን ብቻ ሳይሆን ሸክሙ የሚወድቅባቸውን ሰዎች በስማቸው ቁጠሩ።

ቅዳሜ ማታ እመለሳለሁ። እሑድ ከአምልኮ በኋላ ኮሚቴው ይሰበሰባል፤ ስለ ስድስቱ ዓምዶችም ለመጀመሪያ ጊዜ እነግራቸዋለሁ። ጸልዩልኝ።

ጌታ ይባርካችሁ።