ኦርጋን በሌለበት ተራራ

እሑድ ማለዳ ከፈረንሳይ ለጋሲዮን ተነስተን በባሕር ዛፉ መካከል ሽቅብ ወደ እንጦጦ ስንወጣ፣ የአሥራ ሁለት ዓመቷ ልጄ አኩርፋለች። ቤት ያለውን ኦርጋን (መቼም እኛ ኦርጋን የምንለው ኪቦርዱን ነው) ከነካችው ሁለት ሳምንት ሆኗታል። መዝሙር ስትለማመድበት እናቴ ሰምታ «ይኼ እኮ የዘፈን ዕቃ ነው» ብላታለች።

እንጦጦ ማርያም ስንደርስ ማሕሌቱ አላለቀም። ዳግማዊ ምኒልክ በ1882 ዓ.ም. ዘውድ የጫኑበት፣ ባለ ስምንት ማዕዘን ቤተ ክርስቲያን ነው። ከበሮው ቀስ ብሎ ይጀምራል፤ ጸናጽሉ ይከተላል፤ መቋሚያው ከትከሻ ጋር ዝቅ ከፍ ይላል።

«አባዬ፣ እውነተኛው ትልቁ ኦርጋን እዚህ ቢተከልስ?» አለችኝ በሹክሹክታ።

ስንወጣ አስረዳኋት። እሱ ዕቃ ከመባል ቤት ቢባል ይቀላል። ከወናፍ የሚወጣ ነፋስ በቧንቧዎች ውስጥ ሲያልፍ ይጮኻል፤ ለእያንዳንዱ ድምፅ የራሱ ቧንቧ አለው፤ የአንዳንዱ ቁመት ከ5 ሜትር ይበልጣል። ሲተከል አንድ በአንድ ይቃኛል፤ አየሩ ሲሞቅና ሲበርድ ደግሞ ቅኝቱ ይለወጣል። ጠዋት ብርዱ አጥንት በሚሰብርበት፣ ቀትር ላይ ፀሐይ በሚያቃጥልበት በእንጦጦ ቃኚው ከደብሩ ሳይወርድ ሊኖር ነው! ደግሞስ የት ይቆማል? መቅደሱ መሃል ላይ ነው፤ በዙሪያው ቅድስቱ፣ ከዚያ ቅኔ ማሕሌቱ። መዘምራኑ ፊት ለፊት ቆመው እየተቀባበሉ ያሸበሽባሉ። የእኛ ዜማ ከሰው እግር ጋር የሚሄድ ነው፤ ቧንቧ ግን ከተተከለበት አይነቃነቅም።

ፊቷ ሲጠቁር አይቼ እማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩን አነሳሁላት። በ1916 ዓ.ም. እዚሁ አዲስ አበባ ተወልደው፣ በስድስት ዓመታቸው ስዊዘርላንድ ለትምህርት ተላኩ፤ ቫዮሊንና ፒያኖም ተማሩ። በወጣትነታቸው ግሸን ማርያም መነኮሱ። እ.ኤ.አ. በ1972 ባሳተሙት ሸክላ ላይ በኢየሩሳሌም አብያተ ክርስቲያናት የቀረጹትን ሙዚቃ አወጡ፤ ከፒያኖው ሌላ ባለ ቧንቧውን ኦርጋን የተጫወቱበት አለ። ሸክላውን የሰየሙት በኪዳነ ምሕረት ነው። እስከ 2015 ዓ.ም. ዕረፍታቸው ድረስ የኖሩት እዚያው ኢየሩሳሌም ነበር።

«መነኩሲት ሆነው?»

«መነኩሲት ሆነው።»

ቁልቁለቱን እየሮጠች ወረደች። ማታ ከስልኬ ላይ አውጥታ ለአያቷ አሰማቻት። እናቴ ነጠላዋን ሰብስባ፣ ዓይኗን ጨፍና አደመጠች። ለረጅም ጊዜ ምንም አልተናገረችም።

«እስቲ ድምፁን ከፍ አድርጊው» አለች በመጨረሻ።